መድረኩን የተወው መምህር፦ ኢቫን ጋላሚያን እና የሜዶማውንት ክረምቶች

የሙዚቃ ተማሪ ሆኖ ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ይህን ያህል ሰዓት እየተለማመድኩ ለምንድነው የማልሻሻለው? የመለማመጃ ክፍል በስንት ወረፋ ተገኝቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ አንዱን አስቸጋሪ ቦታ ሃምሳ ጊዜ ደጋግመን ስንወጣ የእጅ ድካም ብቻ ይዘን የምንወጣበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንዱ ተሰጥኦ የለኝም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው ሰዓቱን ከአራት ወደ ስድስት ያሳድጋል። ኢቫን ጋላሚያን የሚባለው የቫዮሊን መምህር ግን ሁለቱንም አይቀበልም ነበር። በሱ እምነት መለማመድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሙያ የሚያስተምረው ሰው፣ የሚማሩበት ቦታና ጊዜ ያስፈልገዋል። ለዚህም ሲል በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ተራሮች መካከል ለወጣት የክር መሣሪያ ተማሪዎች የክረምት ትምህርት ቤት ከፍቶ እስከ ዕለተ ሞቱ መራው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክረምት ስል ደግሞ በኛ አነጋገር ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ዝናብና ጭቃ ሲሆን እነሱ ዘንድ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ልጆች ወደ ሐይቅና ወደ ተራራ የሚሄዱበት ወቅት ነው። የትምህርት ቤት መዘጊያነቱ ግን አንድ ነው። ቫዮሊን ሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ የሚከርምበት ጊዜ መሆኑም እንዲሁ።

ጋላሚያን በ1903 ከአርመን ቤተሰብ በፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን፣ ታብሪዝ ከተማ ተወለደ። (አርመኖች ለኛ አገር ሙዚቃ እንግዶች አይደሉም፤ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ የመጡትን አርባ ልጆችና መሪያቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን ሁላችንም በሙዚቃ ታሪክ ትምህርት ላይ ተምረናል።) ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሞስኮ ሄደ። ቫዮሊን የተማረው እዚያው በፊልሃርሞኒክ ማኅበር ትምህርት ቤት ሲሆን መምህሩ ኮንስታንቲን ሞስትራስ ነበር። የሩስያን የቫዮሊን ትምህርት ወግ፣ ማለትም ትልቅ ድምፅን፣ ጠንካራ የግራ እጅንና ለመምህር ፍጹም መታዘዝን ያገኘው ከዚህ ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ ጋላሚያን ልጅ ነበር። 15 ዓመቱ ላይ ቦልሼቪኮች አሰሩት። ከእስር ያወጣው የቦልሾይ ቴአትር የኦፔራ ኃላፊ ነው፤ ይህ ልጅ ለኦርኬስትራው አስፈላጊ ነው፣ ያለሱ ሥራችን ይጎድላል ብሎ ተከራከረለት፤ ተለቀቀም። ልብ በሉ፣ የኦርኬስትራ ወንበር ሰው ከእስር ያስፈታበት ዘመን ነበር ማለት ነው። በ1919 ትምህርቱን ጨረሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሙዚቀኞች ሩስያን ለቆ ፓሪስ ገባ።

ፓሪስ ላይ በ1922 እና በ1923 ሉሲየን ካፔ ዘንድ ተማረ። ካፔ በስሙ የሚጠራ ኳርቴት የነበረው ሰው ነው፤ በተለይ የሚታወቀው ግን በደጋን፣ እኛ ክፍል ውስጥ ቦው በምንለው፣ አያያዝና አጠቃቀም ነበር። በዚሁ ጉዳይ ብቻ በ1916 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ስለዚህ በጋላሚያን እጅ ላይ ሁለት አገር ተገናኘ፤ ከሞስኮ ግራ እጁን፣ ከፓሪስ ቀኝ እጁን አገኘ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በ1924 ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያ ኮንሰርቱን አቀረበ። መንገዱ የተከፈተ ይመስል ነበር። ግን አልሆነም። የመድረክ ጭንቀት ነበረበት፤ ጤናውም አያግዘውም ነበር። በዚያ ላይ ማስተማር ይወዳል። ከ1925 ጀምሮ ፓሪስ በነበረው የሩስያ ኮንሰርቫቶሪ ማስተማር ጀመረ፤ ቀስ በቀስም መድረኩን እርግፍ አድርጎ ተወው።

እኔ እንደሚመስለኝ የሰውየው ሕይወት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እኛ ተማሪዎች ማስተማርን የምናየው ማቅረብ ላልቻለ ሰው እንደተተወ ቦታ ነው። በግልጽ ባንናገረውም በሐሳባችን አለ። ጋላሚያንም በአንድ በኩል ሲታይ መድረክ ላይ መቆም የከበደው ሰው ነው። ነገር ግን ሰው መድረክ ላይ ሲቆም እጁ ለምን እንደሚከዳው፣ ቤት ውስጥ የተሳካው ነገር አዳራሽ ውስጥ ለምን እንደሚጠፋ ሲያስብ የኖረ መምህር፣ ምናልባት ይህ ችግር ጨርሶ ካልገጠመው መምህር የተሻለ ለተማሪው ቅርብ ሊሆን ይችላል። በኋላ ያስተማራቸው ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይመለሳሉ፤ አእምሮ አስቀድሞ ያላዘዘውን ነገር እጅ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊሠራው አይችልም።

በ1937 ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1941 ኒው ዮርክ ውስጥ ጁዲት ጆንሰንን አገባ። በ1944 ፊላዴልፊያ በሚገኘው የከርቲስ ተቋም፣ በ1946 ደግሞ ኒው ዮርክ በሚገኘው የጁሊያርድ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። አብዛኛውን ትምህርት የሚሰጠው ማንሃተን ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ነበር። ጠዋት በሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ ተማሪ በየሰዓቱ ይገባል ይወጣል፤ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ሜዶማውንት የተከፈተውም በዚያው በ1944፣ ዓለም ገና ጦርነት ላይ ሳለ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። በዓመቱ ውስጥ ተማሪው ትምህርት ቤት አለበት፣ ቤተሰብ አለ፣ ከተማው ራሱ ይጠራዋል። መምህሩ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ያገኘዋል፤ የቀሩትን ቀናት ተማሪው ምን እንደሚሠራ ማንም አያይም። ችግሩ ያለው ደግሞ በዚያ በማይታየው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተማሪውን ሰባት ስምንት ሳምንት ከሁሉም ነገር ለይቶ፣ መለማመድን በዓይኑ ሥር ማስለመድ።

ቦታው ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን በመኪና የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ በአዲሮንዳክ ተራሮች፣ ኤልዛቤት ታውን እና ሉዊስ በሚባሉ ትናንሽ ከተሞች አካባቢ ነው። ግቢው ቀድሞ የሚልሆላንድ ቤተሰብ ርስት ነበር። የዚህ ቤተሰብ ልጅ ኢኔዝ ሚልሆላንድ በ1913 ዋሽንግተን ላይ ሴቶች የመምረጥ መብት ለመጠየቅ በወጡ ጊዜ በነጭ ፈረስ ላይ ሆና ከፊት የመራችው ናት፤ መቃብሯም እዚያው ሉዊስ ነው። ከቫዮሊን ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን እዚያ የሚማር ልጅ በማን ግቢ ውስጥ እንደሚለማመድ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ውሎ ልምጣ። ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚንሸራሸር ተማሪ አይኖርም። ሁሉም ክፍሉ ገብቶ ይለማመዳል። በቀን አራት አምስት ሰዓት ግዴታ ነው። አንዱ ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ሥራ፣ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ነው። ጋላሚያን ራሱ በመተላለፊያው እየተዘዋወረ በየበሩ ያዳምጣል። ድምፅ የማይሰማበት በር ካለ ችግር ነው። ድምፅ እየተሰማ ግን ልጁ ዝም ብሎ ኮንቸርቶውን ከላይ እስከ ታች እየነዳው ከሆነም ችግር ነው፤ ምክንያቱም ያ መለማመድ ሳይሆን ራስን ማዝናናት ነው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ከቤተሰቡ ርቆ በጎጆ የሚኖር የቆሎ ተማሪ ዜማውን ሲቀጽል የኔታ ከተቀመጡበት ሆነው ከብዙ ድምፅ መካከል የተሳሳተውን ለይተው እንደሚያርሙት ማለት ነው። ልዩነቱ ጋላሚያን ዘንድ ተማሪዎቹ ለብቻ ለብቻ መሆናቸው ነው።

ከሰዓት በኋላና ማታ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ክረምቶችን እዚያ ያሳለፈው ጆሴፍ ጊንጎልድ የቻምበር ሙዚቃ ያስተምራል፤ ሊዮናርድ ሮዝ ቼሎ ያስተምራል። ኮንሰርቶችም ይካሄዳሉ። አድማጩ በአብዛኛው ተማሪው ራሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም አድማጭ የከፋ ነው። አጠገብህ በር ሥር ሲለማመድ የሰማኸው ልጅ ቁጭ ብሎ ይሰማሃል፤ የት ላይ እንደምትሳሳት አስቀድሞ ያውቃል።

ለመሆኑ በዚያ ሁሉ ሰዓት ምን ይለማመዳሉ? የጋላሚያን ስኬል በኛ ክፍልም ስሙ ይታወቃል፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን የምናውቅ አይመስለኝም። የሦስት ኦክታቭ ስኬል ሲወጣ 22 ኖታ አለው። 22 ለመከፋፈል አይመችም። ጋላሚያን ጥቂት ኖታ ጨምሮ 24 አደረገው። 24 ደግሞ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት፣ ለስምንት፣ ለአሥራ ሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ሜትሮኖሙ ሳይለወጥ፣ የደጋኑ ፍጥነትም ሳይለወጥ፣ በአንድ ደጋን መጀመሪያ ሁለት ኖታ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት እያለ እስከ 24 ይሄዳል። ግራ እጅ እየፈጠነ ይመጣል፣ ቀኝ እጅ ግን አይደናገጥም። በዚህ ላይ የተለያየ ሪትምና የተለያየ የደጋን አሠራር ይጨመርበታል። በቃ፣ አንድ ስኬል አንድ ሳምንት ይበቃል። ዓላማው ጣትን ማፍጠን ብቻ አይደለም፤ አእምሮ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ እንዲቀርብለትና ተኝቶ እንዳይለማመድ ነው።

ደጋኑንም እንዲሁ በሥርዓት ያስተምራል። ክንድ፣ ደጋንና ቫዮሊን የሚሠሩትን ቅርጽ አስተውሉ ይላል፤ ደጋኑ በመያዣው በኩል ክር ላይ ሲያርፍ ሦስት ማዕዘን፣ መካከሉ ላይ ሲደርስ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ከዚያ ክንዱ እስከ ጫፍ ይዘረጋል። ጀማሪ መጀመሪያ አራት ማዕዘኑን ማግኘት አለበት። ትከሻን፣ ክርንን፣ አንጓንና ጣቶችን ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ያያቸው ነበር፤ አንዱ ከደረቀ የሌሎቹ ሥራ ይበላሻል። ይህን ሁሉ በ1962 ኤልዛቤት ግሪን ከተባለች መምህርት ጋር ባዘጋጀው የቫዮሊን አጨዋወትና አስተማማር መርሆች መጽሐፍ ላይ አስፍሮታል። እዚያው ላይ የልምምድ ጊዜን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ቴክኒክ የሚገነባበት፣ ሙዚቃው የሚተረጎምበት፣ እና እንደ መድረክ ቆመው ሳያቋርጡ የሚጫወቱበት። ሦስተኛውን የምንረሳው እኛ ነን። ፈተና ሊደርስ ሲል ብቻ ትዝ ይለናል። መድረክን የፈራ ሰው ግን አልረሳውም።

በጣም የገረመኝ ነገር፣ ይህን ያህል ጥብቅ የነበረ መምህር በመጽሐፉ ላይ ለሁሉም ተማሪ የሚሆን አንድ ደረቅ ሕግ የለም ማለቱ ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ እጅ፣ የክንድ ርዝመትና ጠባይ ስለሚለያይ መምህሩ ከተፈጥሮው ጋር መሄድ አለበት ባይ ነው። በተግባር ግን ተማሪው ምን ያህል ነፃነት ነበረው? የጣት ቁጥሩንና የደጋን አቅጣጫውን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ተማሪው ይህንኑ ይከተላል። ብዙ ድርሰቶች በሱ የጣት አቀማመጥና የደጋን ምልክት ታትመው እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ አሉ። ተማሪዎቹም ሚስተር ጋላሚያን እንጂ በስሙ አይጠሩትም።

ውጤቱን ማንም አይክድም። በ1959 የቦሊቪያው ተወላጅ ሃይሜ ላሬዶ ብራስልስ ላይ የንግሥት ኤልሳቤጥን ውድድር አሸነፈ። በ1964 ይትዛክ ፐርልማን የሌቨንትሪትን ውድድር አሸነፈ። በ1967 በዚሁ ውድድር ሽልማቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ከእስራኤል ለመጣው ፒንካስ ዙከርማንና ከኮሪያ ለመጣችው ክዩንግ ዋ ቹንግ። ሁለቱም የጋላሚያን ተማሪዎች ነበሩ። ዳኞቹ የትኛውንም ቢመርጡ እሱ አይሸነፍም ነበር ማለት ነው። ፐርልማን በአራት ዓመቱ በፖሊዮ እግሮቹ የተጎዱ፣ ተቀምጦ የሚጫወት ልጅ ነው፤ ከእስራኤል ወደ አሜሪካ የመጣው በ1958 ነበር።

ሁሉም ልጅ ግን ለዚህ ኑሮ አልተገራም። ቼሊስቱ ዮ ዮ ማ 15 ዓመቱ ላይ ወደ ሜዶማውንት ሲሄድ ከቤተሰብ ርቆ ነፃነት የቀመሰበት ጊዜ ሆነ፤ ልምምድ መቅረት፣ ቼሎውን ዝናብ ላይ ትቶ መሄድ ሥራው ሆነ። በኋላ ምን እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን የምጽፈው ቼሎ ዝናብ ላይ ለመተው ሰበብ እንዲሆን አይደለም። አንድ ዓይነት ወንፊት ሁሉንም እንደማያጣራ ግን ያሳያል።

ከበድ ያለው ፈተና የመጣው ከመምህራኑ ወገን ነው። ዶሮቲ ዲሌይ ከካንሳስ የመጣች ቫዮሊኒስት ስትሆን ከ1948 ጀምሮ ጁሊያርድ ውስጥ የጋላሚያን ረዳት ነበረች፤ ክረምቱን ደግሞ ሜዶማውንት ታስተምራለች። የሁለቱ ጠባይ ሰማይና ምድር ነው። እሱ ያዝዛል፤ እሷ ትጠይቃለች። ተማሪው ስህተቱን ራሱ እንዲያገኘው፣ ለምን በዚህ ጣት እንደተጫወተ እንዲያስብ ታደርጋለች። ብዙ ዓመት ይህ ልዩነት ተማሪዎቹን ጠቀመ እንጂ አልጎዳም፤ እንደ ፐርልማን ያሉት ከሁለቱም ወስደዋል። በ1970 ግን ዲሌይ ከእንግዲህ ክረምቱን ሜዶማውንት ሳይሆን ኮሎራዶ ውስጥ በአስፐን አስተምራለሁ አለች። ጋላሚያን ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። ተማሪዎች ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ተገደዱ። ከሃያ ዓመት በላይ አብረው የሠሩ ሁለት መምህራን እዚያው ጁሊያርድ ውስጥ እያስተማሩ፣ እሱ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላናገራትም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሱን ወገን መያዝ ይከብደኛል። በሃያ ዓመት ውስጥ የራሷን መንገድ ያገኘች ረዳት የራሷን ቦታ ብትፈልግ ምን ያስገርማል? ግን ደግሞ ሜዶማውንት ለሱ የሥራ ቦታ ብቻ አልነበረም። ልጅ አልነበረውም፤ መድረኩንም ትቷል። ያለው እነዚያ ክረምቶች ነበሩ።

ሌላም የሚያሳዝን ስም አለ፤ ማይክል ራቢን። በ1936 የተወለደው ራቢን ገና በልጅነቱ ወደ ጋላሚያን የመጣ ተማሪ ነው። የፓጋኒኒን ካፕሪሶች የቀዳበት ሸክላ እስከ ዛሬ እንደ መለኪያ ይታያል። በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ግን ጤናውና ነርቩ ተናጋ፤ መድረክ ላይ የመውደቅ ፍርሃት ያዘው፤ ኮንሰርቶቹም ቀነሱ። በ1972 በ35 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ወድቆ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ለዚህ መምህሩን ተጠያቂ ማድረግ ፍትሐዊ አይደለም፤ ቤተሰብ አለ፣ በልጅነት መድረክ ላይ መውጣት አለ፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ሆኖም እጅን ያለ እንከን መሥራት የሚችል ዘዴ፣ በእጁ ላይ ያለውን ሰው እስከምን ድረስ ሊጠብቀው እንደሚችል የራቢን ሕይወት ያስጠይቃል። ያውም ፍርሃቱ መምህሩ በወጣትነቱ ከሸሸው ከዚያው መድረክ ላይ ነበር።

ጋላሚያን እስከ መጨረሻው ማስተማሩን አላቆመም። ከመጨረሻዎቹ ክረምቶች በአንዱ ከኢንዲያና የመጣ የ12 ዓመት ልጅ ሜዶማውንት ገብቶ እዚያ ጊንጎልድን አገኘ፤ ልጁ ጆሹዋ ቤል ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1981 ጋላሚያን በ78 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም፤ ከሱ በኋላም ተማሪ መቀበሉን ቀጠለ።

በ1964 ክረምት ሜዶማውንት ውስጥ ቶቢ ፍሪድላንደር የምትባል የቫዮሊን ተማሪ ፐርልማን የራቬልን ዚጋን ሲጫወት ሰማችው። ኮንሰርቱ እንዳለቀ መጋረጃ ጀርባ ሄዳ እንዲያገባት ጠየቀችው። ያን ያህል ባትቸኩል ይሻል ነበር መሰለኝ፤ ልጁ ግራ ገባው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1967 ግን ተጋቡ። በ1994 እሷው ለወጣት የክር መሣሪያ ተማሪዎች ሌላ የክረምት ትምህርት ቤት አቋቋመች፤ ባሏም እዚያ ያስተምራል። ጠዋት ጠዋት እዚያም ልምምድ አለ። ግን ደግሞ ቫዮሊኑም ቪዮላውም ቼሎውም ወደ ሣጥኑ ተመልሶ፣ ተማሪው ሁሉ፣ ድምፄ አያምርም የሚለውም ጭምር፣ ባንድ ላይ ቆሞ በኳየር የሚዘምርበት ሰዓት አለው።